የዘውድነሽ የጸሎት ርዕስ

ቅዳሜ ማለዳ ጓሮ ቆሜ ፊቴን ስታጠብ፣ ሚስቴ በጥፊ መመታቴን ለአንድ ቤት ሙሉ ሴት ስትናገር ሰማሁ። ግድግዳችን ጭቃ ነው፤ ጭቃውም ከማገሩ ለቆ በየቦታው ተሰንጥቋል፤ ስለዚህ እኛ ቤት ምስጢር የሚባል ነገር ኖሮ አያውቅም። ሳሙናው ዓይኔ ውስጥ እንደገባ ቆምኩ። «እኅቶች፣ የእኔ የጸሎት ርዕስ የባለቤቴ ነገር ነው» አለች ዘውድነሽ፣ ያን ለጸሎት ብቻ የምታወጣውን ቀጭን ድምፅ አውጥታ። «አሠሪው በጥፊ መታው። በሠራተኛ ፊት። ከዚያ ቀን ወዲህ እንቅልፍ የለውም፤ ቢተኛም ጥርሱን ያፋጫል። ልቡ እንዳይመርር አብራችሁኝ ጸልዩ።» «ውይ ጌታ ሆይ!» አለ ቤቱ ባንድ አፍ። ከዚያ ሁሉም በየፊናው ጀመረ። አንዷ ታለቅሳለች፣ አንዷ ታጨበጭባለች፣ አንዷ ሰይጣንን ቤቱ ይመስል ከቤቴ ታባርረዋለች፤ በመሃል በመሃል ስሜ ይጠራል። «ወንድማችንን ገረሱን አስበው!» «የገረሱን ጉንጭ ዳስሰው!» ይህችኛዋ ማን እንደሆነች አላወቅሁም፤ ብቻ እጄ ሳላዘው ሄዶ ጉንጬን ዳሰሰው። አረፋ ነበረበት።

ይህን ነገር ለዘውድነሽ የነገርኳት አንዴ ነው፤ የመብራት ፈረቃው የእኛን ሰፈር ተራ ባደረገበት ምሽት፣ ፊቴን እንዳታየው ብዬ በጨለማ። «ለማንም እንዳትነግሪ» አልኳት። «ለማን እነግራለሁ?» አለችኝ። እውነቷን ነው፣ ለማንም አልነገረችም፤ ለእግዚአብሔር ነው የነገረችው። በእኛ ሰዎች ዘንድ ሐሜት ኃጢአት ነው፤ የጸሎት ርዕስ ግን ኃጢአት አይደለም። የአንዱን ባል ስካር፣ የአንዷን ልጅ ማርገዝ፣ የአንዱን ከሥራ መባረር ዓይን ገልጠው ካወሩት ሐሜት ይባላል፤ ዓይን ጨፍነው ካወሩት ጽድቅ ነው። እኔም ብሆን ከነሱ ውጭ ነኝ አልልም። እጄን አንስቼ ጌታን ተቀብያለሁ ያልኩት እኔው ነኝ። ያን ጊዜ ላምበረት አውቶቡስ ተራ ሸክም ሠርቼ ወገቤ አልታዘዝ ብሎኝ ነበር፤ አካሉ የሚባለው የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ደግሞ ለአጠናና ለሲሚንቶ መደብሩ ታማኝ የዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛ ይፈልጋል ተባለ። እጄን አነሳሁ፤ ሥራውንም አገኘሁ። የቱ የቱን እንዳመጣው ጌታ ያውቃል።

ፊቴን ሳላደርቅ እማማ ወለተጊዮርጊስ ከማጀታቸው ብቅ አሉ። ከእኛ ጋር ግቢ የሚጋሩ አሮጊት ናቸው፤ ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ የካ ሚካኤል ሊወጡ ነው። «ምነው ገረሱ፣ እንደ ሐውልት ተገተርክ?» አሉኝ።

«ምንም አይደል እማማ።»

«ሰምቻለሁ። እኔ ብቻ አይደለሁም፣ የታቹም ግቢ ሰምቷል። እናንተ ጴንጤዎች እግዜር ጆሮው የተደፈነ ይመስላችኋል ልበል? ሰው ጭንቁን ለሚካኤል ሹክ ይላል። ሹክ! ይህ ምን ሰርግ ነው?»

«እኔ ምን አደረግሁ?»

«አንተማ ምን ታደርጋለህ፤ ተመታህ እንጂ» አሉና በሩን ከፍተው ወጡ። መንገድ ላይ ሆነው ለራሳቸው «ወይኔ ሰውዬው፣ ወታደር አልነበረም እንዴ?» ሲሉ ሰማኋቸው።

ነበርኩ። ኤርትራ በረሃ ምሽግ ውስጥ ስተኛ አካሉ ሱሪው ላይ ይሸና የነበረ ልጅ ነው። ታላቅ ወንድሜ እንዲማር እኔ ከስምንተኛ ክፍል ወጥቼ ዘመትኩ፤ እሱ ተምሮ ቢሮ ገባና እኔን በመንገድ ሲያየኝ ስልኩን ጆሮው ላይ መለጠፍ ለመደ። ኢሕአዴግ ሲገባ እኔና መሰሎቼ «የደርግ ወታደር» ተባልንና እንደ አሮጌ ጎማ ተጣልን። ይህን ሁሉ ችያለሁ። እኔ አካሉን «ጋሼ፣ እርስዎ» እያልኩ፣ እሱ እኔን «አንተ ገረሱ» እያለ ዓመታት ኖረናል፤ እሱንም ችያለሁ። የጥፊው ነገር ግን እንዲህ ነው የሆነው።

በዚያ መደብር ሥራ የሚጀመረው በጸሎት ነው። ጠዋት በሩ ከመከፈቱ በፊት ጫኙም፣ ገንዘብ ያዧም፣ እኔም ግቢው መሃል ክብ ሠርተን እንቆማለን፤ አካሉ ያጨበጭባል፣ አንድ መዝሙር እንዘምራለን፣ ከዚያ እሱ ይጸልያል። በጸሎት መሃል መንቀሳቀስ አይቻልም። አንድ ጫኝ ልጅ መኪና መጣ ብሎ ከክቡ ወጥቶ ሮጦ ነበር፤ አካሉ በሁላችን ፊት «ጌታን የናቀ ለእኔ አይሆነኝም» አለው፤ ሳምንት አልቆየም። ሲሚንቶ እንደ መድኃኒት በሚፈለግበት በዚያ ዓመት፣ መጋቢት ላይ፣ አንድ ማለዳ ስንት ጊዜ የተጠበቀ ሲሚንቶ ገባና ሜዳ ላይ አራገፍነው። ሸራውን ጎትቼ ላለብሰው ስል አካሉ አጨበጨበ። «ጋሼ፣ ሸራውን ላልብስና» አልኩ። «ቅድሚያ ለጌታ! ና» አለኝ። ሄድኩ፤ ዓይኔን ጨፈንኩ። ለመንግሥት ጸለየ፣ ለኮንዶሚኒየም ተቋራጮች ጸለየ፣ ለደንበኞቹ አንድ በአንድ ጸለየ። በመሃል አንዲት ጠብታ ማጅራቴ ላይ አረፈች። አንድ ዓይኔን ገለጥ ሳደርግ እንጦጦ ከነባሕር ዛፉ በደመና ተውጧል። አጠገቤ የቆመው ኤጀታ፣ የወለጋው ጫኝ፣ በክርኑ ጎሰመኝ፤ እኔም መልሼ ጎሰምኩት። አንዳችንም አልተንቀሳቀስንም። ዝናቡን አካሉም ሰምቶታል፤ መስማቱን ያወቅሁት «የበረከት ዝናብ አውርድልን» ማለት ሲጀምር ነው። አወረደለት። አሜን ብለን ዓይናችንን ስንገልጥ የላይኞቹ ከረጢቶች ግራጫ ውኃ ያለቅሳሉ። «የት ነበርክ?» አለኝ። «ከጎንዎ ቆሜ እየጸለይኩ» አልኩ። ያን ጊዜ ነው የመታኝ። ቀለበት ባለበት እጁ ነው። ከዚያ ቀጥሎ የተሰማው ዝናቡ ብቻ ነው።

ያን ቅዳሜ ወደ ሥራ ስሄድ ቁልቁለቱን በእግሬ ነው የወረድኩት፤ ታክሲ ውስጥ ፊት ለፊት ከሰው ጋር መቀመጥ አስጠላኝ። እንዲያም ሆኖ አላመለጥኩም። አንዲት የጸሎት እኅት ጉሊት አጠገብ አግኝታኝ እጄን በሁለት እጇ ጨብጣ፣ አንገቷን ሰበር አድርጋ፣ «ወንድም ገረሱ፣ እያሰብንህ ነው» አለችኝ። ፊቷ ላይ የነበረው ነገር ለታመመ ሰው የሚደረግ ነው። ሰው ቢስቅብኝ ይሻለኛል። የሚስቅብህን ሰው መሳደብ ይቻላል፤ የሚያዝንልህን ጴንጤ ግን ምን ታደርገዋለህ? «አሜን» ብዬ አለፍኩ። አሜን ማለቴ ራሱ አንገሸገሸኝ።

መደብሩ ስደርስ የጠዋቱ ጸሎት አልቋል፤ አካሉ ቆጣም አላለኝ፣ ከቢሮው በር በጣቱ ጠራኝ። ቢሮው ጠባብ ነው፤ የመስታወት ጠረጴዛ፣ የጥቅስ ካሌንደር፣ የናሙና ሴራሚክ፣ ፕላስቲክ አበባ። «ግባ ገረሱ፣ ግባ። ተቀመጥ» አለኝ። በዚያ ቢሮ ተቀመጥ ተብዬ አላውቅም፤ ወንበሩ የደንበኛ ነው። ጫፉ ላይ ተቀመጥኩ።

«ቤት ደኅና?» አለ።

«ይመስገን።»

«ዮፍታሔ ደውሎልኝ ነበር። ያ ነገር… ውጭ እየተወራ ነው አሉ።»

ዮፍታሔ የሰፈራችን የቤት ኅብረት መሪ ነው፤ ሚስቱ ማለዳ እኛ ቤት ከነበሩት አንዷ ናት። ጸሎቱ ወደ ሰማይ ይውጣ አይውጣ አላውቅም፤ በሞባይል ግን እኔ በእግሬ ላምበረት መደብሩ ሳልደርስ ደርሷል። «የቱ ነገር?» አልኩት፤ እንዲናገረው ፈልጌ።

«ያ ነገር ነዋ። ሰይጣን በመሃላችን ገባ» አለና እጁን አጣጥፎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። እኔ እስከማውቀው ሰይጣን የወርቅ ቀለበት አያደርግም። «ነገ የጌታ ራት ነው ገረሱ። ኅብስቱንና ጽዋውን የማሳልፈው እኔ ነኝ። ወንድሜ አዝኖብኝ እያለ እንዴት እዚያ እቆማለሁ? ሽማግሌዎቹም ሰምተዋል።» የመጨረሻዋን ዝቅ አድርጎ ነው ያላት፤ የጠራኝ ግን ለእሷ ሲል እንደሆነ ገባኝ። «ዛሬ አሥር ሰዓት ኅብረቱ እናንተ ቤት አይደል? እመጣለሁ። እዚያው በወንድሞች ፊት ይቅር እንባባላለን።»

«እንባባላለን?»

«አንተም በልብህ ይዘሃል እኮ። ቂምም ኃጢአት ነው። በእጁ የመታውንም በልቡ የያዘውንም ጌታ እኩል ነው የሚያየው» አለ፤ የተመታሁት እኔ ሆኜ ግማሹን ዕዳ እኔ ላይ አድርጎ። ከዚያ ፈገግ አለ። «እንግዲህ በፍቅር ካልሆነ አብሮ መሥራት ይከብዳል። አይደለም?» ፈገግታው ሳይጠፋ በሩን አሳየኝ። ነገሩ ግልጽ ነው፤ ዛሬ አሥር ሰዓት «ይቅር ብያለሁ» ካላልኩ ሰኞ ሥራ የለኝም። በዚህ ዕድሜዬ፣ በዚህ ወገብ፣ ተመልሼ አውቶቡስ ተራ ሻንጣ ልሸከም ነው።

ኤጀታ ሚስማር እየመዘነ ይጠብቀኝ ነበር። «ምን አለህ?»

«ቤቴ መጥቶ ይቅር በለኝ ሊለኝ ነው።»

«እንግዲያው ሌላኛውን ጉንጭህን ታጠበው!» ብሎ ሳቀ። ሳልስቅ ሲያየኝ ሳቁን ዋጠ። «በል በለው በቃ። ይቅር ብዬሃለሁ ማለት አፍ አያሳምም። እኔ ስንቱን ነገር ነው አሜን የምለው፤ ልጆች አሉኝ።» ከፋኝ፤ ደግሞ ትክክል ነው። ለዚህ ነው የከፋኝ።

ረፋድ ላይ አካሉ አጠና መርጠህ ና ብሎ ወደ ተራራው ላከኝ። ከየካ ሚካኤል በላይ ያለው መንገድ ይታወቃል፤ ድንጋይ፣ ጭቃ፣ የባሕር ዛፍ ቅጠል ተሸክመው ግንባራቸው ጉልበታቸው ሊደርስ የደረሰ ሴቶች። ዞር ብዬ ሳይ ከተማው ከታች ተዘርግቷል፤ እዚህም እዚያም የተጀመረ ፎቅ፣ በእኛው አጠና ታስሮ የቆመ። ጫካው ውስጥ ስትገባ ግን ሌላ ነገር ነው። እያንዳንዱ ዛፍ ሥር ማለት ይቻላል ሰው አለ። ቦርሳዋን ቅርንጫፍ ላይ ሰቅላ የቢሮ ጫማዋን አውልቃ ከግንድ ጋር የምታወራ ሴት፤ ደብተሩ ላይ ተደፍቶ ስለ ፈተና የሚያለቅስ ተማሪ፤ እየተንጎራደደ በማላውቀው ቋንቋ የሚጮህ ከረባት ያሰረ ሰው፤ ወደላይ ደግሞ ጠበል ጠጥተው ቢጫ ጀሪካን ተሸክመው የሚመለሱ። መሬቱ በለስላሳ ጠርሙስ፣ በሶፍት፣ በሻማ ቁራጭ ተሞልቷል። ከተማው ጭንቁን አምጥቶ የሚደፋበት ገንዳ ነው ይሄ ጫካ፤ የሚጠርገው ደግሞ የለም። ሁሉም ግን ሲመለስ ፊቱ ቀለል ብሎታል። የሚያናድደኝ ይሄ ነው። ዘውድነሽም እንደዚያው ናት። ቁም ሳጥኑና ግድግዳው መሃል የጸሎት ጥግ አላት፤ የድሮ የወታደር ብርድ ልብሴን አጣጥፋ ጉልበቷ ሥር አድርጋዋለች። የኪራይ ጭማሪውም፣ የዘይት መጥፋቱም፣ የእናቷ ሕመምም፣ እኔም፣ ሁላችንም እዚያ ብርድ ልብስ ላይ እንራገፋለን። ከዚያ ፊቷን ጠርጋ ወጥታ እንደ ሕፃን ትተኛለች። እኔ ደግሞ ያንኑ ጥፊ ሳመነዥክ አድራለሁ።

ማንም እንደማያየኝ አረጋግጬ አንድ ወፍራም ባሕር ዛፍ ፊት ቆምኩ። ልምምድ ነበር የፈለግሁት። «አካሉ፣ ይቅር ብዬሃለሁ» ልል አፌን ከፈትኩ፤ «አካሉ» ብዬ ቀረሁ። እንደገና ሞከርኩ። ምላሴ ያን ዕለት እንደረጠበው ሲሚንቶ እዚያው ደረቀ። ተናድጄ «ጌታ ሆይ፣ እጁን ስበርልኝ» አልኩ። ይሄኛው ሳይንተፋተፍ ወጣ። አጠናውን ሳልመርጥ የመጀመሪያውን ክምር አስጭኜ ወረድኩ።

ቤት ስደርስ ዘውድነሽ ወለሉን አጥባ፣ ከየጎረቤቱ አግዳሚ ወንበር ለምና፣ የሶፋውን ዳንቴል አዙራ ንጹሑን ወደላይ አድርጋዋለች። ስኳሩን ከቀበሌው ሱቅ ተሰልፋ ነው ያመጣችው፤ ሰልፉ ላይ ግማሽ ቀን ቆማ ለሻይ ታፈስሰዋለች፣ ለማን? ለአካሉ። መምጣቱን ቀድማ ሰምታለች፤ ፊቷ ያበራል። «አየህ፣ ጌታ ሠራ!» አለችኝ። «ማለዳ ጸለይን፣ ከሰዓት እሱ ራሱ ሊመጣ ነው።»

«ለምን ነገርሽ?» አልኳት።

እጇ ላይ ያለውን ብርጭቆ አስቀመጠች። «ለእግዚአብሔር ነው የነገርኩት።»

«እግዚአብሔር ሞባይል አለው እንዴ?»

ትስቃለች ብዬ ነበር፣ ወይ ትቆጣለች። ሁለቱንም አላደረገችም። «ገረሱ» አለች፣ ያ ቀጭን ድምፅ ሳይሆን የራሷ ድምፅ ነው፣ «ጥርስህን ስታፋጭ አጠገብህ የምተኛው እኔ ነኝ። የሚሰበር ይመስለኛል፤ ተነስቼ መንጋጋህን እይዘዋለሁ። ይህን ለማን ልንገር? ለአንተ ብነግርህ ታኮርፈኛለህ። አንተ ግድግዳ ታያለህ። ሲከፋህ አልጋ ላይ ተቀምጠህ ግድግዳውን ታያለህ፣ በቃ። እኔ እንደሱ አልችልም። ያለችኝ ያቺ ጥግ ናት። እሷንም አትንጠቀኝ።» መንጋጋዬን እንደምትይዘው አላውቅም ነበር። «ዛሬ ይቅር በለውና ይለቅህ» አለች ቀስ ብላ። «ለሥራው ብዬ አይደለም።» ለሥራውም ጭምር እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን።

አሥር ሰዓት ላይ ቤቱ ሞላ። አካሉ መኪናውን ከታች አቁሞ ጭቃውን እየመረጠ፣ ከመገናኛ የገዛውን ኬክ በካርቶን አንጠልጥሎ መጣ፤ ካርቶኑን ለዘውድነሽ ሰጥቶ ሶፋው ላይ ተቀመጠ። ከሶፋ በቀር መቀመጫ ያለ አይመስለውም። እኔ የራሴ ቤት በር አጠገብ አግዳሚ ላይ ነኝ። ዮፍታሔ ጊታሩን መታ፤ ክፍለ ከተማ ነው የሚሠራው፣ ልጅ ነው፣ ሸሚዙ የተተኮሰ። ሁለት መዝሙር ተዘመረ። ከዚያ ዮፍታሔ ጊታሩን ግድግዳ ላይ አስደግፎ «ብራዘር ገረሱ፣ ብራዘር አካሉ፣ ዛሬ ስፔሻል ቀን ነው። ጌታ በመካከላችን ሂሊንግ ሊያደርግ ነው» አለ። ሴቶቹ «አሜን» አሉ። ሁሉም ያውቃል፣ ሁሉም የማያውቅ ይመስላል፤ የወለሉን ላስቲክ አበባ ይቆጥሩ ይመስል አቀርቅረዋል።

አካሉ ቆመ። ጉሮሮውን ጠረገ። «ወንድሜ ገረሱ፣ ያስቀየምኩህ ነገር ካለ በጌታ ስም ይቅር በለኝ» አለ።

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። አንዲት ቃል ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። ኤጀታ እንዳለው አፍ አያሳምምም። ዘውድነሽ ከቴርሞሱ አጠገብ ቆማ ከንፈሯ በጸጥታ ሲንቀሳቀስ አየሁት፤ እየጸለየችልኝ ነው። ልለው ነበር። እውነቴን ነው፣ ልለው አፌን ከፍቼ ነበር።

«ካለ?» አልኩ።

የዘውድነሽ ከንፈር መንቀሳቀሱን አቆመ።

«ካለ ነው ያሉት ጋሼ? ምን እንዳለ ይናገሩት እንጂ። ሁሉም ያውቃል፤ ከእርስዎ አፍ ነው ያልሰማነው።»

አካሉ ፊቱ ቀላ። «ጌታ ያውቀዋል» አለ።

«ጌታማ ያውቀዋል፤ እሱ ያን ቀን ዓይኑን አልጨፈነም።»

«እንጸልይ!» አለ ዮፍታሔ፤ ድስት ሲገነፍል ክዳኑን እንደሚያነሳ ሰው ዘሎ ነው የተነሳው። «ወገኖች፣ ሁላችንም ቆመን፣ ዓይናችንን ጨፍነን!» ቆሙ፣ ጨፈኑ፣ ጀመሩ። ያን ዕለት ሲሚንቶው ያጣውን ሸራ ዛሬ አምጥተው እኔን አለበሱኝ። ጩኸቱ ጣሪያውን ነካ፤ የእኔ ጥያቄ እሱ ሥር ጠፋ። ዓይኔን አልጨፈንኩም። ስለዚህ አካሉ ሰዉን አቋርጦ ሲመጣ አየሁት። ሊጸልይልኝ ነው፤ እጁን ራሴ ላይ ሊጭን ነው፤ ሽማግሌ ነውና ሥልጣኑ ነው። እጁ ወደ ላይ ተነሳ፤ ቀለበቱ በመስኮቱ ብርሃን ብልጭ አለ።

ጎንበስ አልኩ። እኔ አይደለሁም፣ ገላዬ ነው። አንገቴ ትከሻዬ ውስጥ ገባ፣ ክንዴ ፊቴን ሊጋርድ ተነሳ፣ አግዳሚው ተንሸራቶ የሰው ብርጭቆ ተገለበጠ። ብዙ ጊዜ የተመታ ውሻ ድንጋይ የሚያነሳ ሰው ሲያይ የሚያደርገውን ነው ያደረግሁት፤ ምሽግ ውስጥ ስንት መድፍ ሳልበረግግ ያሳለፍኩ ሰውዬ። ማንም አላየኝም፣ ሁሉም ጨፍኗል ብዬ ቀና ስል ዘውድነሽ ዓይኗን ገልጣ ታየኛለች። ጸሎት ላይ ዓይኗን ስትገልጥ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። አካሉ ግን አላቆመም። እጁ ተከትሎኝ ወርዶ ራሴ ላይ አረፈና ይጫነኝ ጀመር፤ «የመራራነት መንፈስ! ልቀቀው!» እያለ ይጮሃል፤ ሰዉ «ልቀቀው!» ይላል።

«ጋሽ አካሉ» አለች ዘውድነሽ።

ማን ሰምቷት። በእኛ ቤት ጸሎት ያቋረጠ ሰው የለም፤ ዝናብ እንኳ አያቋርጠውም። እጁ ከበደኝ።

«ጋሽ አካሉ!» አለች፣ በዚያ በራሷ ድምፅ፣ ጉሊት ላይ ሌባ እንደምትጠራበት። «እጅዎን ያንሱለት። በጥፊ የመቱት በሱው እጅ ነው። ባሌ እጅዎን ይፈራል።»

ጸሎቱ ተቋረጠ። ዓይኖች አንድ በአንድ ተገለጡ። ባሌ ይፈራል አለች፤ በሰው ሁሉ ፊት፣ ያውም ጮክ ብላ። ማለዳ ከነገረቻቸው ይሄኛው ይብሳል፤ ማለዳ መመታቴን ነው የሰሙት፣ አሁን መፍራቴን ሰሙ። መሬቱ ተከፍቶ ቢውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር። አካሉ እጁን አነሳ። የሌላ ሰው ዕቃ ይዞ እንደተገኘ ሰው መዳፉን አየውና ኪሱ ውስጥ ከተተው። «አሜን» አለ ዮፍታሔ፤ ማንም አልተከተለውም። ሻይ ሳይጠጣ ሰዉ ጫማውን መፈለግ ጀመረ። አንዷ ለዘውድነሽ በሹክሹክታ «እኅቴ፣ በመንፈስ መካከል እንዲህ አይባልም» አለቻት። አካሉ በሩ ላይ ቆም ብሎ ወደ እኔ ሳይሆን ወደ ግቢው እያየ «የስቶሩን ቁልፍ ሰኞ ለኤጀታ ስጠው» አለና ጭቃውን እየመረጠ ወረደ። ነገ ጽዋውን ማን እንደሚያሳልፍ እጠይቃለሁ ብላችሁ አትጠብቁ፤ እሱ ነው። ዓይናቸውን ጨፍነው ይቀበሉታል።

ሰዉ ካለቀ በኋላ እማማ ወለተጊዮርጊስ ከግቢ ሆነው «ዛሬስ ቶሎ ዝም አላችሁ፣ ደኅና ናችሁ?» አሉ። ዘውድነሽ ብርጭቆዎቹን አጠበች፣ የጎረቤት ወንበሮችን መለሰች፣ ያን ውድ ስኳር ከየብርጭቆው ሥር እየጠረገች ደፋችው። ኬኩ ከነካርቶኑ ቴሌቪዥኑ ላይ ተቀምጧል። እኔ አልጋው ጫፍ ላይ ነበርኩ። ምን እንደምላት አላውቅም፤ አዋረድሽኝ ልበላት ወይስ ሌላ። ሁለቱም አፌ ውስጥ ነበሩ፣ ሁለቱም ይቆመጥጣሉ። ጀምበር ልትጠልቅ ስትል፣ እንደ ሁልጊዜው፣ ቀሚሷን ሰብስባ ቁም ሳጥኑ ጀርባ ገባች። ጉልበቷ ብርድ ልብሱ ላይ ሲያርፍ ሰማሁ። ከዚያ ያ ማጉተምተም ይመጣል ብዬ ጠበቅሁ፤ ስንት ዓመት ያንገሸገሸኝ ማጉተምተም፣ ትራስ ጆሮዬ ላይ እያደረግሁ ያሳለፍኩት። አልመጣም። ትንሽ ቆይታ ወጣች። ፊቷ ቀለል አላለም።

«ምነው?» አልኳት።

«እንጃ። ዓይኔን ስጨፍን አንተ ጎንበስ ስትል ነው የሚታየኝ።»

የሥራውን ነገር ረሳሁት። «ተመልሰሽ ጸልዪ እንጂ» አልኳት፤ እንዲህ ብያት አላውቅም። «እንደምንም ጸልዪ።»

«ምን ብዬ?» አለች። «ርዕሱን ንገረኛ።»

ልነግራት አፌን ከፈትኩ፤ ረፋድ ላይ ዛፉ ፊት እንደሆንኩት ሆንኩ። መልስ እስክሰጣት ቆማ ጠበቀችኝ፤ ከዚያ መጥታ አልጋው ጫፍ ላይ አጠገቤ ተቀመጠች፣ እጆቿን ጭኗ ላይ አደረገች፣ እሷም ግድግዳውን ታይ ጀመር።